ሁለት ሳብዉፈር፣ አንድ አምፕሊፋየር

ጥያቄ፦ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ሳብዉፈሮች (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡ ስፒከሮች) አስገጥሜያለሁ። እያንዳንዳቸው ባለ ሁለት የሽቦ ጥቅል ናቸው፤ የአንዱ ጥቅል የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 4 ኦም ነው። ባለ አንድ ቻናሉ አምፕሊፋየር ደግሞ የሚገናኝበት ተቃውሞ ከ2 ኦም በታች እንዳይወርድ ተጽፎበታል። ድምፁን ከፍ ሳደርግ ይግላል፤ ቀዩ መብራት ይበራና ጸጥ ይላል። ልቀይረው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወዳጄ፣ ገንዘብዎን ያቆዩት። የገጠመልዎት ሰው አራቱንም ጥቅሎች ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ከኔጌቲቭ ያገናኘ ይመስለኛል። 4 ኦም ለአራት ሲካፈል 1 ኦም ነው። ተቃውሞው ሲያንስ ከረንቱ ይበዛል፤ ሙቀቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔም በወጣትነቴ አንድ አምፕሊፋየር እንዲሁ አቃጥያለሁ፤ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

በየሳብዉፈሩ የአንደኛውን ጥቅል ኔጌቲቭ ከሁለተኛው ፖዘቲቭ ጋር በአጭር ሽቦ ያያይዙ፤ 8 ኦም ይሆናል። ከዚያ ሁለቱን ሳብዉፈሮች በቀሩት ጫፎቻቸው ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አድርገው ያገናኙ፤ 4 ኦም ያገኛሉ። ከእነዚህ አራት ጥቅሎች 2 ኦም ለማውጣት አይድከሙ፤ ኃይሉን እኩል ተካፍለው 2 ኦም አይሰጡዎትም። ኃይሉ ይቀንሳል፤ አምፕሊፋየሩ ግን አይጠፋብዎትም።

ከአምፕሊፋየሩ ጋር ከማገናኘትዎ በፊት ጫፎቹን በቴስተር ይለኩ። 3 ከምናምን ቢያነብ አይደንግጡ፤ ቴስተር የሚያሳየው የመዳብ ሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ነው። 1 አካባቢ ካነበበ ግን እንደገና ይፍቱት።