ውሃ የምትጨርስ መኪና ለያዛችሁ

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ስጠግን ነው ያረጀሁት። ይህን የምጽፈው አሮጌ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ይዛችሁ ሥራ ለጀመራችሁ ነው። ጋራዥ ገብታችሁ ሙያውን ለምትለማመዱም ይሆናል።

አንዳንዱ ሹፌር ሁለት ሊትር ሃይላንድ ከወንበሩ ሥር አይለይም። ጠዋት ጠዋት ራዲያተሩን ይሞላና «ትንሽ ውሃ ትጠጣለች እንጂ ደህና ናት» ይላችኋል። መኪና ውሃ አትጠጣም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚዞረው በዝግ መንገድ ነው፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ላይ የተናቀ ጠብታ ጣርማበር አቀበት ላይ የሞተሩን አናት፣ ቴስታታውን፣ ያጣምማል።

የእኛ መንገድ ደግሞ አይምርም። ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ በደብረ ሲና በኩል ስትወጡ፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ጣርማበር ላይ 3,000 ሜትር ታልፋላችሁ። ከታች የቆላው ሙቀት አለ፣ ከላይ አየሩ ይሳሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ሞተር ሥራ ላይ ሲሆን ሙቀቱ እዚያው አካባቢ ነው። ታዲያ ሁልጊዜ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ላይ የግፊቱ ልክ 0.9 የሚል ካያችሁ፣ ጤነኛ ከሆነ ውሃው 110 ዲግሪ እስኪያልፍ አይፈላም። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ያን ግፊት አይዝም። የትም ቀዳዳ ሳይኖር መኪናዋ ውሃ ትተፋለች። ስለዚህ ቀድማችሁ ክዳኑን እዩ፤ ከሁሉም የሚረክሰው ዕቃም እሱ ነው። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን እንዳትነኩት። ግፊቱ ድንገት ሲለቀቅ ውሃው ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወጣው።

ፍለጋውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ጀምሩ። እዚህ አገር ይህን የምለው በምክንያት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጎማ ቱቦው ይደርቃል፣ ማጥበቂያው ይላላል፣ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ ያድራል። ሞተሩ ሲሞቅ ቱቦው ያብጥና መፍሰሱ ያቆማል። ጋራዥ ሲደርስ ደረቅ ነው፤ መካኒኩም «ምንም የለውም» ብሎ ይመልሳችኋል። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ከየት እንደመጣ ይጠቁማል፤ ግን ውሃ ብረቱን ተከትሎ ስለሚሄድ በእሱ ብቻ አትፍረዱ። ኮፈኑን ክፈቱና በባትሪ መብራት ፈልጉ። ኩላንት፣ ማለትም ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ፣ ሲደርቅ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋል። ከውሃ ፓምፑ ሆድ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። ከእሷ ዱካ ከወረደ ፓምፑ ውስጥ ያለው ውሃ ማገጃ አልቋል። ቀዳዳዋን የሚደፍን ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። የተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከራሰና ጣፋጭ ሽታ ከሸተታችሁ ደግሞ ችግሩ የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር ናት።

በዓይን ካልተገኘ ራዲያተሩን በአየር ነፍቶ የሚፈትሽ የግፊት ፓምፕ ያለው ጋራዥ ሂዱ። በቀዝቃዛ ሞተር፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ድረስ ብቻ ይነፋል። ከዚያ ቁጭ ብሎ የፓምፑን ግፊት መለኪያ መርፌ ማየት ነው። መርፌው እየወረደ ውጭው ደረቅ ከሆነ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ነው። እሳት የሚያነሱትን ካንዴላዎች አስፈቱ፤ አንዱ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ነው። ነጭ ጭስ፣ ወተት የመሰለ ዘይት፣ ራዲያተር ውስጥ የማያቋርጥ አረፋም ወደዚያው ይጠቁማሉ።

ወጣት መካኒኮች፣ አንድ ቅሬታ አለኝ። ገምታችሁ አትለውጡ። ዛሬ ራዲያተር፣ ነገ ፓምፕ፣ ከነገ ወዲያ ቴስታታ እየተባለ የሰው ገንዘብ አለቀ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚያግደውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣሉም ይቅር። ቀዳዳ አይደፍንም። በዚህ ብርድ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚንም ይበላል። ቀዳዳ እንዲደፍን ራዲያተር ውስጥ እንቁላልና በርበሬ ጨምሩ ብዬም አልመክርም፤ የማሞቂያዋን ቀጭን ቱቦዎች ስትጠርጉ ትረግሙኛላችሁ።

ጥገናው ራሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። የተሰነጠቀው የቱቦው ጫፍ ብቻ ከሆነና ርዝመቱ ከተረፈ ቆርጣችሁ መልሳችሁ እሰሩት። መሐሉ ካበጠ ወይም ሲጫኑት ከተንኮሻኮሸ ለውጡት። የድሮው የናስ ራዲያተር ይበየዳል። አናቱ ፕላስቲክ የሆነው ከተሰነጠቀ ግን ማጣበቂያ ገደል ላይ ይከዳችኋል፤ ይለወጥ።

ስትሞሉ የምንጭ ውሃ ተዉ፤ ውስጡ ደለል ይሠራል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ቀላቅሉ፤ ውርጩንም ዝገቱንም ይችላል። አሮጌውን ሜዳ ላይ አትድፉ፤ ስለሚጣፍጥ ውሻ ይልሰውና ይሞታል። የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ዳገት አዙሩ፣ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቱ፣ ክዳኑን ሳትገጥሙ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅና አረፋው እስኪያልቅ ሞተሩ ይሥራ። ውስጥ አየር ከቀረ የሙቀት መለኪያው ይዋሻችኋል፤ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ዝቅ ሊል ይችላል።

በማግስቱ ሞተሩ ሳይነሳ ልኩን እዩ። ከጎደለ ሙሉና እንደገና እዩ። ለሙከራ ወደ ጣርማበር አትሂዱ፤ መንገዱ ሜዳ ወደሆነው ወደ ጫጫ ደርሳችሁ ተመለሱ።