እሳት ሲነድ ዓይናችን ለምን አይነቀልም?

ወንድሜ፣ «ቤት ሲቃጠል ሰው ለምን ቆሞ ያያል? ጭካኔ ነው?» ብለሃል። ለእኔ ጭካኔ አይደለም። ነበልባል ለአንድ ሰከንድ እንኳ አንድ ቅርጽ አይዝም። ትኩስ አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይገባል፣ ዓይንም አብሮ ይሄዳል። ያ ብርቱካንማ ቀለሙ ራሱ የጋለ የጥቀርሻ ብናኝ ነው።

መስከረም 16 ደመራ ሲለኮስ አስበው። ፊታችንን እየለበለበን እንኳ ንቅንቅ አንልም። በየት በኩል ይወድቅ ይሆን ብለን እንጠብቃለን።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ግን ያው ነበልባል የሰው የዕድሜ ልክ ልፋት በላ። በቪዲዮ ሳየው ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ አንጀቴ ግን ይላወስ ነበር። ሁለቱም ስሜት አብሮ ይመጣል።

ብቻ አዲስ አበባ ውስጥ እሳት ካየህ መጀመሪያ 939 ደውል። ለእሳት አደጋ መኪናም መንገድ ልቀቅ።