ግጥምሽን የቤት ኪራይ ክፈይ አትበያት

ሐዋሳ ሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ የምትማሪው እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አባትሽ ካረፉ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ግጥም እንደምትጽፊ፣ ቴሌግራም ላይ ሁለት ሺ ምናምን ተከታይ እንዳለሽ፣ ትምህርቱን ትተሽ መድብል አሳትመሽ በግጥም ብቻ መኖር እንዳሰብሽ፣ ወጪሽን የሚችለው አጎትሽ ደግሞ ደብተሮችሽን አቃጥያቸው እንዳለሽ ነግረሽኛል። መጨረሻ ላይ "ጋሼ ሥራ ከያዝኩ ስሜቱ ይጠፋብኛል ብዬ እፈራለሁ" ያልሽው ግን ነካኝ፣ በደንብ የማወራሽም ስለሱ ነው።

እኔም ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በግጥም ካልኖርኩ ብዬ ማስታወቂያ ድርጅት ገባሁ፣ ቤት እየመታሁ ደሞዝ ሲከፈለኝ ከኔ በላይ የታደለ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። ሳሙናው ቤት ይመታል ዘይቱ ቤት ይመታል፣ በዓል ሲደርስ ደንበኛው ይደውልና "ትንሽ ሞቅ አድርገው" ይለኛል። ሦስት ዓመት እንዲህ ቆይቼ እናቴ ስትሞት ለሷ አራት ስንኝ ልጽፍ ቁጭ ብል የሚመጣልኝ ሁሉ የሳሙና ዜማ ሆነብኝ። ከዛ ወጥቼ የሰው ኃይል ቢሮ ተቀጠርኩ፣ ይሰለቻል በጣም ይሰለቻል፣ ግን ማታ ፋይሌን ዘግቼ ስወጣ ሞቅ አድርገው የሚለኝ የለም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው እንደገና መጻፍ የጀመርኩት።

ስለዚህ ስሜቱን የሚገድለው ሥራ አይመስለኝም፣ ግጥሙ ራሱ ሥራ ሲሆን ነው። ገጣሚዎቹን እያቸው፣ ደበበ ሰይፉ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር፣ ገብረክርስቶስ ደስታም ሰዓሊና የሥዕል መምህር ነበር፣ ጸጋዬ ገብረመድኅን ደግሞ ሕግ ተምሯል (በኋላ እንጀራው ቴአትር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እሱ መድረክ ነበረው)።

አንቺም ላይ ነገሩ ጀምሯል እኮ። ከላክሽልኝ ስድስት ግጥሞች ውስጥ አንዱ፣ ከበሩ ጀርባ እስካሁን ስለተሰቀለው የአባትሽ ኮት የሚያወራው፣ አንብቤው ስልኬን አስቀመጥኩ። የቀሩት ስለ ከዳተኛ ፍቅረኛ ናቸው። እውነት ተከድተሽ ከሆነ ይቅርታ፣ ግን ላይክ የሚያመጣው ክህደት እንደሆነ ገብቶሽ የጻፍሻቸው ነው የሚመስለው። ኮቱን ማንም አላዘዘሽም፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

አጎትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፣ ወጪሽን መቻሉ ያስመሰግነዋል እንጂ ደብተርሽ ላይ አያዝም። አንቺ አባትሽን የምታስታውሺው በዛ ደብተር ነው፣ እሱን አቃጥይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባው አይመስለኝም። ውጤትሽን አሳይው፣ ደብተሩን ደብቂ።

መድብሉ ይቆይ። ማተሚያ ቤት ገንዘቡን ቀድሞ ይፈልጋል፣ አከፋፋይ ድርሻውን ያነሳል፣ የኔም 1000 ኮፒ ገሚሱ እስከዛሬ አልጋ ስር ነው። ትምህርቱን ደግሞ ጨርሺው፣ ከ2015 ወዲህ ኤግዚት ኤግዛም (ለመመረቅ የሚታለፍ የመውጫ ፈተና) ስላለ ካሁኑ ኖት ሰብስቢ። ሀዘኑ በርትቶ መቀመጥ ካቃተሽ ግን ዝም ብለሽ እንዳትጠፊ፣ ሬጅስትራር ሄደሽ ዊዝድሮዋል (ትምህርት በሕጋዊ መንገድ ማቋረጫ ፎርም) ሙይ፣ መመለሻሽ እሱ ነው። ጂፒኤሽ ሁለት ነጥብ ሰባት መሆኑም ያን ያህል አያስለቅስም።

የኮቱን ግጥም ቴሌግራም ላይ ገና ካልለጠፍሽው አቆይው። ስድስት ስድስት ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) እያልሽ ቆንጆ ሄደሽ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሰባት ገብቶብሻል፣ አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ።