ዕጢው ወጥቶ ሳለ ለምን ድጋሚ ይፋቃል? ስለ ፊኛ ካንሰርና ስለ ቢሲጂ

እህቴ፣ የ67 ዓመቱ አባትሽ ደም ሸንተው በካሜራ ከፊኛቸው ዕጢ ወጥቷል። ውጤቱ «ሃይ ግሬድ (ኃይለኛ ዓይነት)፣ ቲ1» ተባለ። ሐኪሙ ለምን ድጋሚ ኦፕራሲዮን አዘዘ፣ ከዚያ ፊኛቸው ውስጥ ይሰጣል የተባለው ቢሲጂስ የሕፃናቱ የቲቢ ክትባት አይደለም ወይ ብለሻል።

መጀመሪያ የፓቶሎጂውን (የናሙናውን ምርመራ ውጤት) ወረቀት አውጪና ስለ ጡንቻ የተጻፈውን መስመር ፈልጊ። ቲ1 ማለት ካንሰሩ የውስጡን ሽፋን አልፏል፣ የፊኛው ጡንቻ ጋ ግን አልደረሰም ማለት ነው። ናሙናው ውስጥ ጡንቻ ከሌለ ደግሞ አልደረሰም ብሎ የሚምል የለም። ስለዚህ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ያንኑ ቦታ መልሰው ይፍቁታል። ቅሪት መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሐኪም አበላሸ ማለትም አይደለም። ጡንቻ ውስጥ ከተገኘ ቢሲጂ ይቀርና ምርጫው ኬሞ ወስዶ ፊኛውን ማውጣት፣ ወይም ኬሞና ጨረር አብሮ መውሰድ ይሆናል።

ቢሲጂው ጀርሙ ያው የክትባቱ ነው፣ መጠኑ ግን አይገናኝም። በጣም የበዛው መጠን 50 ሚሊ ሊትር ውስጥ ተበጥብጦ በካቴተር (በቀጭን የሽንት ቱቦ) ፊኛ ውስጥ ይገባል። የክትባት ብልቃጥ ገዝቶ መምጣት ዋጋ የለውም። በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት ይሰጣል፤ ከዚያ በ3ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛው ወር፣ ቀጥሎም በየ6 ወሩ እስከ 3 ዓመት፣ በየዙሩ ሦስት ሳምንት። ብዙ ሰው ስድስቱን ጨርሶ «ደህና ነኝ» ብሎ ይጠፋል። ቲቢ ያለበት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ግን ይህን አይወስድም፤ ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ።

በዕለቱ መድኃኒቱ ሊገባ 4 ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ውሃም የጠዋት ቡናም የለም። ሽንት ከበዛ መድኃኒቱ ይቀጥናል፣ ፊኛ ውስጥ ለ2 ሰዓት መያዝም ያቅታል። ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) የሚውጡ ከሆነ የሚውጡበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ካቴተሩ ሲገባ ደም ከመጣ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ካለ ያ ቀን ይዘለላል። «ከሩቅ ነው የመጣነው» ብላችሁ ነርሷን አትለማመጡ፤ ጀርሙ በቁስሉ ወደ ደም ይገባል። ቤት ከገቡ በኋላ ለ6 ሰዓት ቁጭ ብለው ይሽኑ፤ በረኪና ጨምሮ፣ ክዳን ዘግቶ፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ ውሃ መልቀቅ። የጉድጓድ ሽንት ቤት ከሆነ በፖፖ ሸንተው በሽንቱ ልክ በረኪና ጨምሩበትና ደጅ አቆዩት፤ ሽታውን ግን አትሳቡት።

ለአንድ ሁለት ቀን ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት የተለመደ ነው። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ለማቃጠሉ ከፋርማሲ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝተው ይውጡና ሲፕሮው ቢሲጂውን ይገድለዋል። ትኩሳቱ 38.5 አልፎ ከ2 ቀን ከቆየ ወይም 39.5 ከደረሰ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ገና በር ላይ «ፊኛቸው ውስጥ ቢሲጂ ተሰጥቷቸዋል» በሉ፤ መድኃኒቱ የቲቢው ነው፣ አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ኢታምቡቶል። ሌላው የቲቢ መድኃኒት፣ ፒራዚናማይድ፣ ቢሲጂን አይነካውም።

ቢሲጂ ከገበያ ሲጠፋ (በዓለም ደረጃ ደጋግሞ ጠፍቷል) ስለ ጄምሲታቢንና ዶሴታክሰል ጠይቁ። 1 ግራም ጄምሲታቢን ፊኛ ውስጥ 90 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይወጣና 37.5 ሚሊ ግራም ዶሴታክሰል ለ2 ሰዓት ይገባል፤ ይህም በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት ነው፣ ከዚያ በየወሩ። ሁለቱም ለሌሎች ካንሰሮች በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው።

የ3ኛውን ወር የካሜራ ምርመራ ቀጠሮ ሕክምናው ሲጀመር አብራችሁ አስይዙ፤ ደም ባይታይም፣ ከዚያ በኋላ ለ2 ዓመት በየ3 ወሩ ይቀጥላል።