ስማርት ቦርድ ከመግዛትዎ በፊት የመብራት መስመርዎን ያስፈትሹ

ይህን የምጽፈው «ለ8 ክፍሎች ባለ 75 ኢንች ስማርት ቦርድ ልንገዛ ነው፤ የትኛው ብራንድ ይሻላል? ወይስ በፕሮጀክተር ብንጀምር?» ብለው ለጠየቁት ርዕሰ መምህር ነው። ለጥያቄዎ ብዙ ሰው የብራንድ ስም ደርድሮልዎታል፤ በዚያ አልከራከርም። ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የአይሲቲ ክፍል ኃላፊ ነኝ። እኛም በ2016 ልክ እንደ እርስዎ 8 ስማርት ቦርድ፣ ማለትም በጣት የሚነካ ትልቅ ስክሪን፣ አስበን ነበር የተነሳነው። ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚሠሩልን 6 ናቸው። እዚህ ለመድረስ የከፈልነውን እርስዎ ደግመው እንዳይከፍሉት ብዬ ነው።

ስለ ፕሮጀክተር ባጭሩ፦ ለአዳራሽ ይግዙ፣ ለክፍል አይግዙ። መስኮቱ ሰፊ በሆነ ክፍል ቀን ላይ ምስሉ ይደበዝዛል። መጋረጃ ሲዘጉ ደግሞ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ መጻፍ ያቅታቸዋል። አምፖሉም ሲያልቅ ምትኩን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መላክ አለ።

1ኛ፦ ፕሮፎርማው (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) እጅዎ እንደገባ የትምህርት ቤቱን አመራር ቦርድ ሰብስበው ያስወስኑ። እኛ በሰኔ 2016 ከሦስት ድርጅቶች ሰበሰብን። ዋጋው የሚጸናው ለ15 ቀን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። አንዱ የቦርድ አባል ሲመጣ ሌላው ሲቀር ሐምሌ ገባ። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። ስንደውል «በዚያ ዋጋ የለም» አሉን። ተናደድን፤ ግን ምን እንበል፣ ቀኑ ያለፈው በእኛ እጅ ነው። 8ቱ ወደ 6 የወረዱት ያን ጊዜ ነው።

2ኛ፦ ሰሌዳውን አይንቀሉ። አጥብቄ ነው የምለምንዎት። እኛ ስክሪኑ መሃል ላይ እንዲያርፍ ብለን በሦስት ክፍል ጥቁር ሰሌዳውን አስነቀልን። መስከረም ውስጥ መብራት ጠፍቶ ዋለ። የ8ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህርታችን 52 ተማሪ ፊት ባዶ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ከ20 ዓመት በላይ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ወደ ቢሮዬ መጥተው «ልጄ፣ ፕላዝማ አንድ ጊዜ አስተማሪነታችንን ወስዶብን ነበር፤ አንተ ደግሞ ሰሌዳችንን ወሰድክብን» አሉኝ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ እኔም የፕላዝማ ልጅ ስለሆንኩ ነው። በ1997 ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር 9ኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርቱ ተቀርጾ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይለቀቃል። አገሪቱ ውስጥ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ሁሉ በአንድ ሰዓት ያንኑ ያያል። ቆም በል፣ ድገምልኝ የሚባል ነገር የለም። መምህራችን ጥግ ላይ ቆመው ከእኛ እኩል ያያሉ። ጥያቄውን አንብበን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። ከዚያ መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ፣ አበቃ። ስማርት ቦርድ ከዚያ የሚለየው መምህሩ እንደፈለገ ሊያቆመው፣ ሊጽፍበት፣ ልጆቹን ወደ ፊት ጠርቶ ሊያስነካቸው በመቻሉ ነው። ሰሌዳውን ካስነቀሉ ግን ለመምህራኑ ያው ፕላዝማ ነው የሚሆንባቸው። አሁን ስክሪኑን ወደ አንድ ጎን አድርገን፣ ቀሪውን ግድግዳ በነጭ ሰሌዳ ሸፍነነዋል። ነጭ ያልኩበት ምክንያት የጠመኔ ብናኝ የስክሪኑ ፍሬም ላይ ስለሚከማች ነው፤ እመለስበታለሁ።

3ኛ፦ መብራት። ጥያቄዎ ውስጥ ስለ መብራት አንድም ቃል ስላላየሁ ነው ይህን ሁሉ ለመጻፍ የተነሳሁት።

ኅዳር 2017፣ ረፋድ ላይ። ቢሮዬ ሆኜ አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ኮሪደሩ ማዶ ያሉት ክፍሎች አምፖል ደግሞ ከወትሮው በላይ ቦግ አለ። ምን ሆነ ብዬ ስወጣ ከሁለት ክፍል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ልጆቹም እየጮኹ ወጡ። ሁለት ስክሪን ሞተ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

በኋላ አንድ አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን መጥተው የማከፋፈያ ሳጥናችንን ሲከፍቱ የኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) መቆንጠጫ ላልቶ፣ ግሎ፣ ጠቁሮ አገኙት። በእርስዎም ሕንፃ ላይ ባለ 3 ፌዝ መስመር (መብራት በሦስት የኃይል ሽቦ የሚመጣበት) ገብቶ ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ፦ ኒውትራሉ ሲላቀቅ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ጭነት በበዛበት ፌዝ ላይ ይወርዳል፣ ጭነት ባነሰበት ላይ ደግሞ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። የእኛ ሁለቱ ስክሪኖች ጭነት ባነሰው ፌዝ ላይ ነበሩ። የሰካናቸው በተራ ዲቫይደር ነው። የአንዱ ዋጋ የአንድ መምህር የሁለት ዓመት ደመወዝ የሚያህል ዕቃ በተራ ዲቫይደር! ጥፋቱ የእኛ ሳጥን ነው፤ ማንንም አልከስበትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እከሳለሁ።

የሸጠልን ድርጅት ጥገና ክፍል ደወልኩ። «አዲስ አበባ አምጡት፣ ክፍለ ሀገር አንወጣም» አሉ። ስንገዛ ሻጩ «የሁለት ዓመት ሙሉ ዋስትና» ብሎን ነበር። እዚህ ጅማ ያለ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ከውጭ ሆኖ አይቶ «የኃይል ቦርዱ (ለስክሪኑ ኃይል የሚሰጠው የውስጥ ክፍል) ነው የተቃጠለው፤ ስክሪኑ ደህና ነው፤ እሠራዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ግን ማሸጊያው ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል ስለተባልኩ አላስነካሁም። የመጣበትን ካርቶን ደግሞ መስከረም ላይ አስወጥተን ጥለነዋል። አይሱዙ ተከራየን። ሹፌሩ «ቆሞ ይወድቅብኛል፣ ይጋደም» አለ። እኔም እሺ አልኩ። ሁለቱንም በብርድ ልብስ ጠቅልለን የቡና ጆንያ ላይ አጋደምናቸው።

ውድ ርዕሰ መምህር፣ ትልቅ ስክሪን ተጋድሞ አይጓዝም። ሁልጊዜ ቆሞ፣ ፍሬሙ ተደግፎ፣ በራሱ ካርቶን ነው የሚሄደው። ሲጋደም መሃሉ ይረግባል፤ መንገዱ ሲያነጥረው ይሰነጠቃል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ያውቁታል። ስንደርስ አንዱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። የኃይል ቦርድ ብቻ ተቀይሮለት ይድን የነበረ ዕቃ፣ እኔ እሺ ባልኩት አንድ ቃል ሞተ።

ጥገና ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው ጋ የነበረው ሰው ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። ከሩቅ አይቶ «የተሰበረ አንቀበልም» አለ። እባክህ ወንድሜ፣ ቢያንስ በጽሑፍ ስጠኝ፣ ለቦርድ የማቀርበው ነው ብዬ ለመንኩት። «ጽሑፍ ከኃላፊ ነው» አለና ኃላፊው ምሳ ወጥተዋል ተባልኩ። ከ6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ኃላፊው አልመጡም፤ በሩ ተዘጋ። ያልተሰበረውን ተቀበሉኝ። አራት ወር አቆዩት። ከዚያ የክፍያ መጠየቂያ ላኩ፦ «በኤሌክትሪክ መዋዠቅ የሚደርስ ጉዳት በዋስትናው አይሸፈንም።» ዋስትናውን አውጥቼ ባየው እውነትም በስተጀርባው በደቃቁ ተጽፏል። ሲሸጡልን ግን ያነበበልን የለም። እኔም አላነበብኩም። የከፈልነው የወላጅ ገንዘብ ነው። ለወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ቆሜ ሳስረዳ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ ሻጭ ጋ ከመሄድዎ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። የማከፋፈያ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ይክፈት፣ መቆንጠጫዎቹን ሁሉ ያጥብቅ፣ በየክፍሉ ሶኬት ላይ ጠዋትም ከሰዓትም ቮልቱን ይለካ። የኧርዝ መስመር (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) መኖሩን በመለኪያ ያረጋግጥ፤ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ኧርዝ አለው ማለት አይደለም። የእኛ ሕንፃ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተገናኘችም ነበር። አዲስ ዘንግ መሬት አስቀበርን። ለየክፍሉ ደግሞ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር አስገባን፤ ከ250 ሲያልፍ ወይም ከ180 ሲወርድ ይቆርጣል፣ መብራት ሲመለስም 3 ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚለቀው። ስታቢላይዘር አለን ብለው እንዳይዘናጉ። ተራው ስታቢላይዘር ትንሽ ከፍና ዝቅ ሲል ያስተካክላል እንጂ 380 ሲመጣበት እሱም አብሮ ነው የሚቃጠለው። የዚህ ሁሉ ወጪ ተደምሮ የአንድ ስክሪንን ሩብ አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ፕሮቴክተሮቹ ስንት ጊዜ እንደቆረጡ እግዜር ይወቀው፤ አንድም ስክሪን አልተነካብንም።

ንክኪውን በተመለከተ፦ በኅዳሩ አደጋ ያልተጎዳው የ7ኛ «ሀ» ስክሪን ከሰዓት በኋላ ብቻ በራሱ ይጽፍ ነበር። መምህሩ ሳይነካው መስመር ያሰምራል፣ ገጽ ይዘጋል። ጥገና ክፍሉ በስልክ «ሶፍትዌሩን አድሱ» አለ፤ አደስን፣ ለውጥ የለም። ችግሩን ያገኘችው አንዲት ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ፀሐይዋ ስትመጣ እኮ ነው» አለች። እውነትዋን ነው። በአብዛኛው የምንገዛቸው ስክሪኖች ንክኪ ኢንፍራሬድ ነው፤ ፍሬሙ ውስጥ ዙሪያውን የማይታይ ብርሃን የሚልኩና የሚቀበሉ ጥቃቅን ዓይኖች አሉ። ጣትዎ ያንን ብርሃን ሲያቋርጥ የት እንደነኩ ያውቃል። 9 ሰዓት ላይ በምዕራቡ መስኮት የምትገባው ፀሐይ ቀጥታ ፍሬሙ ላይ ስታርፍ ይሳሳታል። ብናኝ ሲሞላውም እንደዚያው። ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፣ ጠዋት ጠዋት ፍሬሙን በደረቅ ጨርቅ የሚወለውል ተማሪ መደብን፤ አበቃ። የልጅቷን ስም ሰልፍ ላይ ጠርተን አጨበጨብንላት።

ላፕቶፕ ሲያገናኙ ኤችዲኤምአይ ገመዱ ምስልና ድምፅ ብቻ ነው የሚያመጣው። ንክኪው ላፕቶፑ ላይ እንዲሠራ ሌላ የዩኤስቢ ገመድ አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ ነው፣ እንዳይጥሉት። እኛ ጋ መምህራን ወር ሙሉ ስክሪኑን እየነኩ አልሰማ ሲላቸው ወደ ላፕቶፑ እየሮጡ ይመለሱ ነበር። ሌላው፣ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ማስታወሻዎች ስክሪኑ ላይ ሲከፈቱ ፊደሉ ተበታትኖ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ይግቡ ብለው ለመምህራኑ ከወዲሁ ይንገሩ። ግድግዳዎ ብሎኬት ከሆነም በፊሸር ብቻ አይስቀሉ፤ ባለ 75 ኢንቹ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብረት አስበይደው ግድግዳውን ወዲህና ወዲያ አልፎ በሚያዝ ቡሎን ያሳስሩ።

አሁን የምኮራበትን ልንገርዎት። ቤተ ሙከራ የለንም። ያቺ ባዶ ግድግዳ ፊት የቆሙት የፊዚክስ መምህርታችን ዛሬ ፌት የሚባለውን ነፃ የማስመሰያ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይገባሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖል ስክሪኑ ላይ ያስቀምጡና ልጆቹን አንድ በአንድ ይጠራሉ። ሽቦው ሲገናኝ አምፖሉ ይበራል። ሳይገናኝ ሲቀር «የት ነው የተቋረጠው?» ይላሉ፤ ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል። ጎን ካለው ነጭ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ስሌቱን በእጃቸው ይሠራሉ። ሌሎቹን መምህራን የሚያሠለጥኑት እሳቸው ናቸው፤ ከሻጩ የመጣው አሠልጣኝ ልጅ 40 ደቂቃ ሜኑ አሳይቶን ነው የሄደው።

በሞተው ምትክ አንድ የገዛነው ባለፈው ዓመት ነው፤ ከሌላ ድርጅት፣ በሌላ ውል። ውሉ ውስጥ ያስገባሁት ይህ ነው፦ ዕቃው ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ በመምህራችን እጅ ይፈተናል፤ ከዋጋው 20 በመቶ የሚከፈለው 30 ቀን በደህና ከሠራ በኋላ ነው፤ ብልሽት ሲኖር ባለሙያው ጅማ ይመጣል፣ ዕቃው አዲስ አበባ መሄድ ካለበትም አጓጓዡ ሻጩ ነው፤ የኃይል ቦርድና የንክኪ ፍሬም መለዋወጫ አገር ውስጥ እንዳለ በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ ዋስትናው የማይሸፍነው ነገር በአማርኛ ተዘርዝሮ ይፈረምበታል። ሁለት ድርጅቶች «እንዲህ ያለ ውል አንፈርምም» ብለው ሄዱ። ሦስተኛው ፈረመ። በሁለተኛው ሳምንት ንክኪው በአንድ በኩል አልሠራ አለ። ደወልኩ፤ በሦስተኛው ቀን ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ ግቢያችን ገባ። ፍሬሙን ቀይሮ ያለምንም ክፍያ ተመለሰ።

ውሉን የድርጅቱን ስም አጥፍቼ እሰጥዎታለሁ፤ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። እስከዚያው ኤሌክትሪሺያኑ በየክፍሉ የለካውን ቮልትና ሳጥኑ ውስጥ ያየውን ፎቶ አንስተው እዚሁ ይለጥፉልን።