መምጣት የለብዎትም

ለምትተረጉሙ ልጆች፣

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ማስት ኖት እና ዶንት ሃቭ ቱ አማርኛቸው አንድ ነው አይደል?» አለችኝ። የአንድ መተግበሪያ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድትመልስ ተሰጥቷት ነው። ስልኳ ለሁለቱም «የለብዎትም» ብሏታል። «አይደለም!» አልኳት፤ ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ልጅቷ ደነገጠች። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ይህንንም የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

በ1979 ዓ.ም. የ23 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። 12ኛ ክፍል ጨርሼ፣ እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ፣ ሰሜን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ለውጭ አገር ሐኪሞች አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ነጭ ጋውን ስለምለብስ ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም አላርምም። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ህንዳዊ መምህር ነበሩ። «ማስት»ን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ጠመኔው እስኪሰበር ያሰምሩበታል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ትምህርቱን ትተው ስለ አገራቸው ዝናብ ያወሩልናል፤ ቆርቆሮው ስለሚጮህ የሚሰማቸው የፊተኛው ወንበር ብቻ ነው። የ«ማስት»ን አሉታ ያስተማሩን በዚያ ዝናብ መሐል ይሆን? እኔ ከኋላ ነበር የምቀመጠው።

በወቅቱ በራሴ እተማመን ነበር። እራት ላይ ለሐኪሞቹ የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 እተርክላቸዋለሁ፦ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት፣ ነገሩ ዐድዋ ላይ እንዳለቀ። በአንድ ግሥ የተነሣ ጦርነት! እያልኩ ጠረጴዛ እመታለሁ።

እማማ የምላቸው አንዲት በሽተኛ የፈላ ውሃ እግራቸው ላይ ተደፍቶባቸው፣ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው እየመጡ በየሳምንቱ ቁስላቸውን ያስጠርጉ ነበር። ስድሳን ያለፉ ናቸው። አንድ ሐሙስ ዶክተሩ እግራቸውን አገላብጦ አየና ደስ አለው። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም ባክ» አለ። እኔም ፈጠን ብዬ፣ «እማማ፣ ቁስሉ እየጠገገ ነው፤ ከእንግዲህ መምጣት የለብዎትም» አልኳቸው። ዶክተሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ፊታቸው ላይ ቅሬታ ያየሁ መሰለኝ፤ ደክሟቸው ነው ብዬ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ።

ከወር በላይ ቆይተው ተመለሱ፤ በቃሬዛ። ቁስሉ አመርቅዟል፣ ሁለት ጣታቸው ጠቁሯል። ዶክተሩ እስካሁን ለምን እንደዘገዩ ጠይቃቸው አለኝ። ጠየቅኋቸው።

«አትምጪ አላችሁኝ አይደል እንዴ ልጄ? ተከልክዬ እንዴት እመጣለሁ?»

ያንን መተርጎም ሥራዬ ነበር። ዶክተሩ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። «መንገዱ ርቋቸው ነው» አልኩት፤ በእንግሊዝኛ፣ አንዲት የሰዋስው ስሕተት በሌለባት ዐረፍተ ነገር። ካርዳቸው ላይም እንደዚያው ጻፈው። ጣቶቹ ተቆረጡ።

ለልጅቷ ያስረዳኋት ይህንን ነው። «ማስት ኖት» ሲል ግዴታው አለ፤ ግዴታው አለማድረግ ነው፣ ክልከላ ነው። «ዶንት ሃቭ ቱ» ሲል ግዴታው ራሱ የለም፤ ብትፈልግ ታደርጋለህ፣ ባትፈልግ ትተዋለህ። የእኛ «የለብህም» ሁለቱንም ይሸከማል። «ልጅ ፊት ማጨስ የለብህም» ክልከላ ነው፤ «ነገ በዓል ስለሆነ በጠዋት መነሣት የለብህም» ደግሞ ዕረፍት ነው። የሚለየው ሰሚው ስለ ጉዳዩ በሚያውቀው ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት የቆመች ባላገር ደግሞ የምትሰማው ክልከላውን ነው። «ባይመጡም ይችላሉ»፣ «መምጣት አያስፈልግዎትም» ብል ኖሮ አንድ ቃል እንኳ ባልጨመርኩ ነበር። እንግሊዝኛውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ «ሜይ ኖት» አንዴ ክልከላ ነው፣ አንዴ «ላይሆን ይችላል» ነው።

መዝገበ ቃላት ተመልከቱ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ሰዋስው አትሸምድዱ፣ ሰዉ ሲናገር ስሙ ብዬ ለዓመታት ስመክር ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን ያን የዝናብ ቀን ትምህርት ብሸመድደው ይሻለኝ ነበር። እናንተ ደግሞ የምትጨነቁት ስለ አነጋገር ቅላጼ ነው። በየዐረፍተ ነገሩ «አክቹዋሊ» የምትል፣ ግን ባንክ የላከላትን ደብዳቤ በትክክል የማታነብ ወጣት ስንት አለች! (የጎረቤቴ ልጅ ከነዚህ አይደለችም፤ ጠይቃለች።) ኮምፒዩተር የተማራችሁትማ ምክንያት የላችሁም። የኢንተርኔት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1997 «ማስት»፣ «ሹድ» እና «ሜይ» ምን ማለት እንደሆኑ አንድ በአንድ የሚደነግግ ሰነድ አውጥተዋል፤ ቁጥሩ 2119 ነው። ማሽን ለማሽን ሲናገር እንኳ ይህን ያህል ተጨንቀውበታል።

አስተርጓሚ ለምትሆኑ ግን አንድ ነገር፦ የተናገራችሁትን ሰሚው በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። «ገባዎት?» አትበሉ። እማማን «እንግዲህ ምን ያደርጋሉ?» ብላቸው ኖሮ «እንግዲህማ እቀራለሁ፣ ከልክላችሁኛል» ይሉኝ ነበር።

ያለፈ ጊዜ ሲሆን ይብሳል። «ማድረግ አልነበረብህም» በእንግሊዝኛ ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ «ሹድንት ሃቭ» ወቀሳ ነው፣ «ኒድንት ሃቭ» አድርገኸዋል ግን ሳያስፈልግ ደከምክ ነው፣ «ዲድንት ሃቭ ቱ» ደግሞ ግዴታ አልነበረብህም ብቻ ነው፤ አድርገው አታድርገው አይናገርም።

ከስድስት ወር በኋላ ቡናና ስኳር ይዤ መንደራቸው ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። በከዘራ ተደግፈው እስከ ደጅ ወጥተው ተቀበሉኝ። ቡና ተፈላ፣ በረካው ተጠጣ፣ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ተወራ። አልነገርኳቸውም። ሲሸኙኝ እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት አልነበረብህም» አሉኝ።

ለጎረቤቴ ልጅ ይህችን ዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መልሺልኝ ልላት አስቤ ተውኩት። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እኔም እስካሁን አልለየሁም።