«የ12 ብረት ስንት ኪሎ ነው?» እና ሌሎች የሥራ ፈላጊ ጥያቄዎች

ምረቃው አለቀ፣ ጋውኑ ተመለሰ፣ አሁን ሐዋሳ ፒያሳ ያሉት ኮፒ ቤቶች በር ላይ ፍላሽ የያዘ ወጣት ቆሟል። የዚህ ሰሞን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከምህንድስና ምሩቃን የመጡ ናቸው። እኔም ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ አመልካች ሆኜ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ጠያቂ ሆኜም ተቀምጫለሁ። የማውቀውን ልበላችሁ።

«ባለፈው ዓመት በሲቪል ተመረቅኩ። ጂፒኤዬ 2.9 ነው። 4 ገጽ ሲቪ 40 ቦታ ልኬ አንድም ሰው አልደወለልኝም። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?» (ከታቦር)

የላክልኝን ሲቪ አየሁት። አንደኛው ገጽ ላይ ፎቶህ፣ ሃይማኖትህ፣ የጋብቻ ሁኔታህና የእናትህ ሙሉ ስም አለ። ሁለተኛው ላይ «ታታሪ፣ ጫና የምቋቋም፣ በቡድን መሥራት የምወድ» ይላል። ይሄ ከኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር የተወሰደ ፎርማት ነው አይደል? ባለፈው ካየኋቸው ሲቪዎች ውስጥ ሦስቱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከነስፔሊንግ ስህተቱ ይዘው መጥተዋል።

ቁም ነገሩ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተቀብሯል። «ኢንተርንሺፕ፦ በኮንስትራክሽን ድርጅት 4 ወር ሠርቻለሁ» ትላለህ፣ አለቀ። ምን ሠራህ ብዬ ስጠይቅህ ግን ጂ+4 ሕንፃ ላይ እንደነበርክ፣ የሁለተኛውን ወለል ስላብ ብረት ከድሮዊንጉ ቆጥረህ ባር ሼጁል (የብረቱን ዝርዝር ሠንጠረዥ) እንዳወጣህ፣ ሲ-25 አርማታ ሲሞላ ስላምፕ (የእርጥቡን አርማታ ቅጥነት) እንደለካህ፣ ጥንካሬው እንዲታወቅ በ7 እና በ28 ቀኑ የሚሰበረውን የአርማታ ኪዩብ ላብራቶሪ ያደረስከውም አንተ እንደሆንክ ነገርከኝ። ወንድሜ፣ ሲቪህ እኮ ይሄ ነው! ይሄንን አንደኛው ገጽ ላይ ከስምህና ከስልክህ ቀጥሎ አስቀምጠው። ገጹም አንድ ይበቃዋል፣ ቢበዛ ሁለት።

ሌላው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በ2011 ገብተህ በ2024 እንደተመረቅክ ጽፈሃል። አንዱ በኛ፣ ሌላው በፈረንጅ። አንተ ታውቀዋለህ፣ አንባቢው ግን 13 ዓመት የተማረ ልጅ ነው የሚያየው። አንዱን ምረጥና እስከ መጨረሻው በሱ ሂድ።

ጂፒኤህን አትደብቅ፣ ሲደበቅ ሰው 2.1 ነው ብሎ ያስባል። «የመውጫ ፈተና አልፌያለሁ» የሚለውን ግን አውጣው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳያልፍ የሚመረቅ የለም። ውጤትህ ደህና ከሆነ ቁጥሩን ጻፈው። እና 40 ቦታ አንድ ዓይነት ሲቪ አይላክም። ሳይት ኢንጂነር ለሚፈልግ የሳይቱን፣ ኦፊስ ኢንጂነር ለሚፈልግ ቴክ ኦፉን (ከድሮዊንግ የሥራ መጠን ማውጣቱን) እና የክፍያ ሰርተፊኬቱን አስቀድም።

«ሲቪ ላይ የማላውቀውን ሶፍትዌር ብጽፍ ማን ያውቅብኛል? ሁሉም ይጽፋል።»

እኔም ጽፌ ነበር። የመጀመሪያ ኢንተርቪዬ ላይ ኢታብስ፣ ሳፕ (የሕንፃ ስሌት ሶፍትዌሮች ናቸው) እና ፕሪማቬራ (የሥራ መርሐ ግብር ማውጫ) ብዬ ደርድሬ ሄድኩ፤ ኢታብስን የነካሁት ለመመረቂያ ፕሮጀክት ነው፣ እሱንም አብዛኛውን ጓደኛዬ ነው የሠራው። አንድ ሽበታም መሐንዲስ ሲቪዬን ገልብጠው አስቀመጡትና «ለመሆኑ የ12 ብረት በሜትር ስንት ኪሎ ይመዝናል?» አሉኝ። ዲያሜትሩ 12 ሚሊሜትር የሆነውን ማለታቸው ነው። እኔ ዝም። ቢሮው ውስጥ የቬንትሌተሩ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ደግነቱ አልሳቁብኝም፣ እስክሪብቶ አንስተው የሲቪዬ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ፦ ዲያሜትሩን በራሱ አባዛ፣ ለ162 አካፍል። 144 ለ162፣ 0.888 ኪሎ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ብረት 10.66 ኪሎ ገደማ። ሥራውን አላገኘሁም፣ ወረቀቱን ግን ይዤ ወጣሁ።

ስለዚህ ማንም ባያውቅብህ እንኳ ሁለተኛው ጥያቄ ያውቅብሃል። «ኢታብስ እችላለሁ» ስትል የሚከተለው «በየትኛው ኮድ ነው የሠራኸው?» ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የሕንፃ ዲዛይን ደንብ፣ በኢቢሲኤስ ነው ወይስ በ2015 እ.ኤ.አ. በመጣው ኢኤስ ኢኤን? የንፋሱን ጭነት እንዴት አስገባህ? እዚያ ላይ መንተባተብ ከጀመርክ እውነት የጻፍከውም አብሮ ይጠረጠራል። «ኦቶካድ፣ በደንብ። ኢታብስ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ብቻ» ብለህ ጻፍ። እንዲህ ብሎ የመጣ ልጅ ሳይ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

«ኤሌክትሪካል ነኝ። ሥራውን አውቀዋለሁ፣ ግን ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሲጀመር ምላሴ ይተሳሰራል።» (ከአቶቴ)

እህቴ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ግቢ። ቀልዴን አይደለም። የፋብሪካ ሜይንተናንስ ኢንተርቪው ላይ «ሞተር በስታር ዴልታ የምናስነሳው ለምንድን ነው?» የምትለዋ ጥያቄ አትቀርም (ሞተሩን በዝቅተኛ ቮልቴጅ አስነስቶ ከዚያ ወደ ሙሉው የማሻገሪያ ዘዴ ነው)። በቃል ለማስረዳት ከምትታገይ «ልሳለው?» በይና ሦስቱን ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ታይመሩንና ኦቨርሎዱን (ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀውን) ሳይው። እጅ መሥራት ሲጀምር ምላስም ይፈታል። ከዚያ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃሻል፦ በስታር ሲነሳ ከመስመር የሚስበው ከረንት ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ ቶርኩም (የማዞር ጉልበቱም) እንዲሁ ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከባድ ጭነት ተሸክሞ ለሚነሳ ሞተር አይመከርም። ይቺን የመጨረሻዋን ከጨመርሽ ጠያቂው ቀና ይላል፤ ሲሶ መሆኑን ሁሉም ይሸመድዳል፣ መቼ እንደማይሆን የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ጠያቂዎቹ የአገር ሰዎች ከሆኑ «አማርኛ ብቀላቅል ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የውጭ አገር አለቃ ሊያጋጥምሽ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ለሱም እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፣ ሰዋስውሽን አያርምም። ራስን ማስተዋወቁን ብቻ አትሸምድጂው። አንድ ቃል ስትጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

«ኢንተርቪው ላይ 'ታገቢያለሽ ወይ? ትወልጃለሽ ወይ?' ተባልኩ። ምን ማለት ነበረብኝ?»

በመጀመሪያ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በፆታ ማዳላትን ይከለክላል፣ የወሊድ ፈቃድም 120 ቀን ብሎ አስቀምጧል፤ አንቺ የምትለማመጪበት ነገር አይደለም። ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አዋጅ ብትጠቅሺ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ብሆን «ስጋታችሁ የማታ ፈረቃው ከሆነ እገባለሁ፣ ኢንተርንሺፕ ላይም ገብቻለሁ» ብዬ ወደ ሥራው እመልሰዋለሁ። ደጋግመው ያንኑ ከጠየቁ ደግሞ ቦታው ምን ዓይነት እንደሆነ ሳትቀጠሪ አወቅሽ ማለት ነው።

«ልጄ በመካኒካል ተመርቆ ቤት ተቀምጧል። ሰው ከሌለህ ሥራ የለም ይሉኛል። አንድ የማውቀው ኃላፊ አለ፣ ልሂድለት?» (አባት፣ ከሞኖፖል)

አባባ፣ ዘመድ የሚሠራበት ቦታ የለም ብዬ አልዋሽዎትም። ከሄዱም «ልጄን ቅጠርልኝ» አይበሉ፤ «ምን ዓይነት ሰው ነው የምትፈልጉት? ማስታወቂያው መቼ ይወጣል?» ብለው ይጠይቁ። ሲቪውን ልጁ ራሱ ይውሰድ። አባት ይዞት የመጣ ሲቪ ሲያጋጥመኝ ልጁ ሳይት ላይ ከፎርማኑ ጋር ሲጋጭ ማን ሊመጣ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

እርስዎ በትክክል የሚረዱት ሌላ ቦታ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ተያዥ ይጠይቃል፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው። ልጁ አለፍክ ከተባለ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ተያዥ ፍለጋ እንዳይንከራተት ከአሁኑ አንድ ሰው ያነጋግሩለት።

«አንድ ኮንትራክተር ጋር 2 ዓመት ሠርቻለሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስጠይቅ ነገ ነገ ይሉኛል።»

በቃል አትጠይቅ፣ በጽሑፍ አስገባና ቅጂው ላይ «ተቀብለናል» አስብልበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጠው ያዛል። ደብዳቤው ብቻ ግን አይበቃም። መንግሥት ቤት ስታመለክት ብዙ ጊዜ ከግል ድርጅት ለመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ 2 ዓመት ግብር ሳይቆረጥ በእጅ ብቻ ሲከፈልህ ከነበረ ያ ልምድ እዚያ ላይቆጠርልህ ይችላል። ሲቪህ ላይ ግን ይግባ፣ የግሎቹ የሚያዩት ምን እንደሠራህ ነው።

«ስንት ትፈልጋለህ ሲሉኝ ምን ልበል?»

«በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ብለህ አትሽሽ። እዚያው ከተማ በዚያው መደብ የሚሠሩ ሁለት ልጆች ጠይቅና ከዚህ እስከዚህ በል። ዝቅተኛው በእውነት የምትቀበለው ይሁን፣ የሚሰጡህ እሱን ነው።

«በቴሌግራም ያገኘሁት ሥራ ለምዝገባ 500 ብር ክፈል ይላል።»

አትክፈል።

«አዲስ አበባ ለፈተና ተጠርቻለሁ። ኢሜይሉ 2:30 ይላል። ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?»

ጥሩ አደረግክ የጠየቅከው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ 2:30 በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ በኛ ከቀኑ 8:30 ነው፤ ጸሐፊዋ በኛ አስባ ጽፋው ከሆነ ደግሞ ጠዋት ነው። አትገምት፣ ዛሬውኑ ደውልና «በኢትዮጵያ ሰዓት ስንት?» በል። ጠዋት ነው ካሉህ ከሐዋሳ ሌሊት ተነስቼ እደርሳለሁ አትበል፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ከዋዜማው ሂድና ዘመድ ጋ እደር። ኦርጅናል ዶክመንትህን በእጅ ቦርሳ ያዝ፣ ከሻንጣው ጋር መኪናው ጣሪያ ላይ እንዳትሰቅለው።